መኪናችሁ ቤንዚን ሲሸት፦ ከጥገናዎቹ የቱን እንምረጥ?

መኪና ውስጥ ቤንዚን ሲሸተን ብዙዎቻችን መስኮት ከፍተን እንነዳለን። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሽታው የጠፋ ይመስለናል። አልጠፋም። አፍንጫችን ለምዶት ነው።

እኔም ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ነድቻለሁ። መኪናዬ ቪትዝ ናት። የነዳጅ ፖምፓዋ ሞተና አንድ ጋራዥ ወስጄ አስቀየርኩ። በማግስቱ ከኋላ ወንበር በኩል ቤንዚን ቤንዚን ይለኝ ጀመር። «አዲስ ፖምፓ ስለሆነ ነው፤ ሽታው በራሱ ይጠፋል» አሉኝ። አመንኩ። አንድ ቀን ልጄን ከትምህርት ቤት ሳመጣት «አባዬ፣ ራሴን አመመኝ፤ ያቅለሸልሸኛል» አለችኝ። የተቀመጠችው ከኋላ ነበር፤ ልክ ከፖምፓው በላይ። መኪናዋን የዚያን ቀን አቆምኳት።

መካኒክ አይደለሁም። ግን ከዚያ ወዲህ የዘመድም የጎረቤትም መኪና ሲሸት አብሬ እያየሁ ብዙ ነገር ተምሬያለሁ። ዋናው ይህ ነው፦ ሽታው መቼና ከየት እንደሚመጣ ሳይለይ ዕቃ አይገዛም። ብዙ ሰው መጀመሪያ ፖምፓ ይቀይራል፣ ቀጥሎ ፊልትሮ፣ ቀጥሎ ኢንጄክተር (ቤንዚኑን ወደ ሞተሩ የሚረጨውን) ያሳጥባል። በመጨረሻ ጥፋቱ አንድ ክንድ የማትሞላ የተሰነጠቀች የቤንዚን ጎማ (ቱቦ) ሆና ትገኛለች። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለችንን አሮጌ መኪና ይዘን ነው የምንቆየው። ገንዘባችን በግምት ማለቅ የለበትም።

ልንዳት ወይስ ላቁማት?

የመጀመሪያው ምርጫ ይህ ነው። የሚቀጣጠለው የቤንዚኑ ትነት ነው። ትነቱ ከአየር ከሦስት እስከ አራት እጥፍ ይከብዳል። ስለዚህ ወደ ላይ ተበትኖ አይጠፋም። መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ ጉድጓድ ካገኘ ይተኛበታል። ከአየሩ 1.4 በመቶ ያህሉ የቤንዚን ትነት ከሆነ አንዲት ብልጭታ ትበቃለች። ብርዱም አያድነንም። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል።

የጤናው ጉዳይም አለ። ቤንዚን ውስጥ ቤንዜን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ካንሰር አምጪ መሆኑ የተረጋገጠ ነው። ነፍሰ ጡርና ሕፃናት የሚሳፈሩበት መኪና ከሆነ «ትንሽ ነው የሚሸተው» ብላችሁ አትቆዩ።

ሦስት ነገሮች ካያችሁ ሞተሩን አታስነሱ፤ ተነስቶ ከሆነም አጥፉት። አንደኛ፣ ከመኪናው ሥር ወይም ከኮፈኑ ሥር ርጥብ ቤንዚን ካለ። ሁለተኛ፣ ሞተር እየሠራ ከፊት በኩል ኃይለኛ ሽታ ከመጣ። ሦስተኛ፣ የዘይት መለኪያዋን ዘንግ ስትመዝዙ ቤንዚን ከሸተተ፤ በተለይ ዘይቱ ከነበረበት ከፍ ካለ። ቤንዚን የገባበት ዘይት ስለሚቀጥን ሞተሩን ይበላዋል። የሞተሩ ሆድ ውስጥም ትነት ይጠራቀማል። «ለአንድ አፍታ ላስነሳት» ማለት ራሱ አደጋ ነው፤ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ሲዞር ብልጭታ አለው።

ሽታው ነዳጅ ከተቀዳ በኋላ ብቻ ለአጭር ጊዜ የሚመጣና ምንም ርጥበት የሌለው ከሆነ ግን መስኮት ከፍቶ እስከ ጋራዥ መንዳት ይቻላል።

ከቆመች ደግሞ መካኒክ መጥራት ወይስ ማስጎተት? እኔ መጥራቱን እመርጣለሁ። የጎማ፣ የክዳንና የፖምፓ ላስቲክ ጥገና ግቢ ውስጥ፣ ነፋስ ባለበት ይሠራል። ታንኩ መውረድ ካለበት ብቻ አስጎትቱ። በገመድ የምታስጎትቱ ከሆነ አንድ ነገር አስታውሱ፦ ሞተሩ ስለጠፋ ፍሬኑ ድንጋይ ይሆናል፤ መሪውም ይከብዳል። ቁልቁለት ባለበት መንገድ በገመድ አትሞክሩት።

የዱቄት እሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ ይኑር። ውኃ ቤንዚኑን ይዞት ይሄዳል እንጂ አያጠፋውም። ከኮፈኑ ሥር እሳት ከተነሳ ኮፈኑን ወለል አድርጋችሁ አትክፈቱ፤ አየር ያገኛል። ሰው አውጡ፣ ራቁ፣ አዲስ አበባ ላይ ከሆናችሁ 939 ደውሉ።

ሽታው መቼ ነው የሚመጣው?

ለሁለት ቀን ያህል ማስታወሻ ያዙ። ቀላል ነገር ነው፣ ግን ግማሹን ሥራ ይሠራል።

ነዳጅ በሞላችሁ ቀን ሸትቶ ታንኩ ከግማሽ ሲወርድ የሚጠፋ ከሆነ ጥፋቱ ከታንኩ በላይኛው በኩል ነው። ወይ የፖምፓው ላስቲክ፣ ወይ ከመቅጃው አፍ ወደ ታንኩ የሚወርደው ወፍራም ጎማ፣ ወይ ክዳኑ። የእኔዋ ቪትዝ እንዲህ ነበረች። ማስታወሻ ይዤ ቢሆን ኖሮ በሦስተኛው ቀን አውቀው ነበር።

እዚህ ላይ የማደያውን ልማዳችንን ላንሳ። ቤንዚን ጠፍቶ ሰልፍ ስንሰለፍ ውለን ተራችን ሲደርስ «ጢም አድርገው!» እንላለን። መቅጃው ራሱን ካቆመ በኋላ መኪናውን እየነቀነቁ የሚያስሞሉም አሉ። ታንኩ ላይኛው ክፍል ላይ የተተወው ባዶ ቦታ የትነት ነው። እሱን በቤንዚን ስንሞላው ትነት እንዲይዝ ወደተሠራው የከሰል ጣሳ ፈሳሽ ቤንዚን ይገባል። ከሰሉ አንዴ ከራሰ ብዙ ጊዜ ወደ ቀድሞው አይመለስም። መቅጃው ሲቆም አቁሙ።

ሌሊት ቆማ ጠዋት የምትሸት ከሆነ የሚያንጠባጥብ ነገር አለ። ማታ ከሥሯ የተዘረጋ ካርቶን አድርጉ። ጠዋት ካርቶኑ ደርቆ ልታገኙት ትችላላችሁ፤ ቤንዚን ቶሎ ይተናል። ግን ክብ ምልክት ይተዋል፣ ቦታውም ሽታ ይይዛል። ርጥብ ካገኛችሁ በጣት ንኩት። ቤንዚን ጣት ላይ ይቀዘቅዝና ወዲያው ይደርቃል። ናፍታና ዘይት ይቀባሉ፣ አይደርቁም።

ከፊት ነው ከኋላ? አንድ ቁልፍ ይነግራችኋል። የውጭ አየር የሚያስገባውን ዘግታችሁ የውስጡ አየር ብቻ እንዲዞር አድርጉ። ሽታው ከቀነሰ በሞተሩ በኩል ነው የሚመጣው፤ የውጭ አየር የሚገባው ከፊት መስተዋቱ ግርጌ ነውና። ካልቀነሰ ወደ ኋላ ወንበርና ወደ ዕቃ መጫኛው ሂዱ። ዕቃ መጫኛ ውስጥ የቤንዚን ጀሪካን መኖሩንም አትርሱ። የውኃ ጀሪካን የቤንዚን ትነት አይችልም፤ ባዶም ሆኖ ይሸታል። አንዲት ዘመዴ ለመኪናዋ ሁለት መካኒክ ጠርታ ሽታው የመጣው ከአንድ ባዶ ጀሪካን ነበር።

ከማርሚታው የሚሸት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ቤንዚኑ እየፈሰሰ አይደለም፤ ሳይቃጠል እየወጣ ነው። ጥቁር ጭስ፣ ጥቀርሻ የለበሰ ካንዴላ፣ የነዳጅ መብላት አብረው ይመጣሉ። ጠዋት ሞተር ሲነሳ ለአንድ ደቂቃ ትንሽ መሽተቱ ግን ያለ ነው። የሞተር ምልክቷ መብራት ብልጭ ድርግም እያለች ሞተሩ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ መንዳቱን ተዉት።

ዲኤክስና ቪትዝ አንድ አይደሉም

ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለው የድሮ ዕቃ) ባለው አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ ላይ የሚሰጥ ምክር ኢንጄክተር ባለው ቪትዝ ላይ አይሠራም። ተገላቢጦሹም እንዲሁ።

ካርቡራተር ያለው መኪና ቤንዚኑን በቀስታ ነው የሚገፋው፤ ብዙውን ጊዜ ግፊቱ ከ6 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) አይበልጥም። ኢንጄክተር ያለው ግን ከ40 እስከ 50 ፒኤስአይ ይደርሳል። የጎማችን አየር 30 ምናምን መሆኑን አስቡ። ስለዚህ ዲኤክስ ላይ «ላብ» የሚያክል ርጥበት የሚያሳይ ስንጥቅ ቪትዝ ላይ በጋለ ሞተር ላይ የሚረጭ ጭጋግ ይሆናል። እኔ ኢንጄክተር ያለው መኪና ከፊት ሲሸት አልደራደርም። ወዲያው ይቆማል።

ዲኤክስን የያዛችሁ ደግሞ የከፍታውን ነገር እወቁ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ነው የተቀመጠችው። አየሯ ከባሕር ዳርቻው አንድ አራተኛ ያህል ይሳሳል። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ማርሚታውም ይሸታል። ያኔ ካርቡራተሩ አልተበላሸም፣ ማስተካከል ነው የሚፈልገው። ወደ አዳማና አዋሽ ስትወርዱ ደግሞ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። ሞቃት ሞተር ሲጠፋ ካርቡራተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ይተናል፤ ለጥቂት ደቂቃ ይሸታል። ይህን የመኪናው ጠባይ አድርጋችሁ ውሰዱት።

ካርቡራተሩ በጎኑ የሚፈስ ከሆነ ግን ውስጡ ያለችው ተንሳፋፊ ወይም ቤንዚኑን የምትዘጋው መርፌ ናት። እዚህ ሦስት ምርጫ አለ፦ ማጠብ፣ የውስጥ ላስቲኮቹንና መርፌውን መቀየር፣ ወይም ሙሉውን መቀየር። ማጠብ ብቻ ቆሻሻ ለያዘው ይበቃል። አብዛኛውን ጊዜ ትክክለኛው መካከለኛው ነው። ርካሹን አዲስ ካርቡራተር ገዝቶ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ያለው የሞተሩ ዙር) አልቆም ብሎ ወር ሙሉ ሲሰቃይ ያየሁት ሰው ስላለ፣ አካሉ ደኅና የሆነ የፋብሪካውን ካርቡራተር አትጣሉ እላለሁ።

ዘይቱ ቤንዚን ከሸተተም ሁለቱ ይለያሉ። ዲኤክስ ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሞተሩ ላይ የታሰረው የነዳጅ ፖምፓ ነው፤ ውስጡ ያለው ስስ ላስቲክ ሲቀደድ ቤንዚኑ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ቪትዝ ላይ የማይዘጋ ኢንጄክተር ነው። ሁለቱም ላይ ጥገናው ሲያልቅ ዘይቱና የዘይት ፊልትሮው አብረው ይቀየራሉ።

ጎማው፣ ፋሸታው፣ ላስቲኩ

ጎማ ስትገዙ ሦስት ዓይነት ታገኛላችሁ። በውስጡ ቤንዚኑ የሚታይበት ግልጽ ላስቲክ አለ። ርካሽ ነው፤ ግን ሙቀት ሲያገኝ ይደርቅና ይሰነጠቃል። እኔ ለሞተር ክፍል በፍጹም አልመርጠውም። ሁለተኛው ጥቁሩ የቤንዚን ጎማ ነው፤ ላዩ ላይ በላቲን ፊደል «30አር7» የሚል ጽሑፍ አለው። ለካርቡራተር ጥሩ ነው። ሦስተኛው «30አር9» ነው፤ የኢንጄክተርን ግፊት የሚችል። ቪትዝ፣ ያሪስ፣ አዳዲሶቹ ኮሮላዎች ላይ የፋብሪካው ጎማ ከጠፋ ይህንን ጠይቁ። ሶማሌ ተራ ስትሄዱ አሮጌውን ጎማ ቆርጣችሁ ያዙ፤ ውፍረቱን በዓይን አትገምቱ። ጽሑፍ የሌለውን ጎማ «ያው ነው» ሲሏችሁ አትግዙ። ያው አይደለም።

አዲስ አበባ ውስጥ ቤንዚን ከኢታኖል ጋር ተቀላቅሎ የተሸጠባቸው ዓመታትም ነበሩ። ኢታኖል የድሮ መኪና ላስቲኮችን ያደክማል። አንዱ ጎማ ከሰነጠቀ እኩያዎቹም ደርሰዋል ማለት ነው፤ አንድ ላይ ቀይሯቸው።

ጎማውን አጥብቆ የሚይዘው ቀለበት፣ ፋሸታ ላይ ሰው አይጠነቀቅም። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ፋሸታ በካቻቪቴ ሲጠብቅ ጎማውን ይቆርጠዋል። ውስጡ ለስላሳ የሆነው፣ ጠርዙ የታጠፈው ይሻላል። ልዩነቱ ከአንድ ቡና ዋጋ ብዙም አይርቅም።

የፖምፓው ላስቲክ ጉዳይ የእኔ ቁስል ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ፖምፓው ከታንኩ ሲወጣ ከሥሩ ክብ ላስቲክ አለ። ይህ ላስቲክ ለዓመታት ቤንዚን ጠጥቶ ያብጣል። አንዴ ከወጣ ቦታው ላይ ልክ አይገባም። ያኔ ሁለት መንገድ አለ፦ አዲስ ላስቲክ መግዛት ወይም አሮጌውን በሲሊኮን ለቅልቆ መመለስ። የእኔን መኪና በሲሊኮን ነበር የመለሷት። ተራ ሲሊኮን ቤንዚን ሲነካው ይላላል፣ ይፈረፈራል። ፍርፋሪው ታንክ ውስጥ ሲወድቅ ደግሞ የፖምፓውን ወንፊት ይዘጋል። ስለዚህ ፖምፓ ስታስቀይሩ ከመጀመሪያው «ላስቲኩ አብሮ ይቀየራል፤ ሲሊኮን እንዳይነካ» በሉ። በሩቅ ሳይሆን አጠገቡ ቆማችሁ እዩ።

ታንኩ ከተበሳ

እዚህ ነው ምርጫው የሚበዛው፣ አደጋውም የሚከፋው።

ሳሙና ታውቃላችሁ። ደረቅ የልብስ ሳሙና ፈሳሹ ላይ ሲታሽ ያቆመዋል፤ ሳሙና በቤንዚን አይሟሟምና። መንገድ ላይ ለቀራችሁ ሰዎች የዕለት ማዳኛ ነው። ግን ዝናብና የጎርፍ ውኃ ሲነካው ይሄዳል። ከሳሙናው ቀጥሎ መንገዱ ወደ ጋራዥ ብቻ ይሁን።

ሁለት ዓይነቱ ተቀላቅሎ የሚደርቀው፣ ለቤንዚን ታንክ ተብሎ የተሠራው ማጣበቂያ ከሳሙና ብዙ ይሻላል። የሚሠራው ግን ቀዳዳዋ ትንሽ፣ ዙሪያዋ ጤነኛ ብረት ከሆነ ነው። ድንጋይ ለበሳው ታንክ ይሆናል። ዝገት ለበላው አይሆንም። ዝገቱን ስትፍቁ ቀዳዳው እየሰፋ ይሄዳል፣ ነገ ደግሞ በሌላ በኩል ይከፍታል።

ብየዳ ጥሩ ሲሠራ ዕድሜ አለው። ችግሩ ሠራተኛው ነው። «ባዶ ነው፣ አይነሳም» የሚል ሰው ካገኛችሁ ታንካችሁን ይዛችሁ ውጡ። ባዶ ታንክ ከሙሉ ታንክ የባሰ ነው፤ ሙሉው ውስጥ ለትነት የሚሆን አየር የለም፤ ባዶው ግን ትነትና አየር የተቀላቀለበት ነው። ታንኩ ወርዶ፣ ደጋግሞ በሙቅ ውኃና በሳሙና ታጥቦ ብዙ ጊዜ ካልቆየ እሳት አይቀርበውም። መኪናው ላይ እንዳለ የሚበየድ ታንክ የለም። ሰው ሞቶበታል።

ያገለገለ ታንክ ደግሞ አለ። ዝገት ላለው መኪና እኔ የምመርጠው ይህንን ነው፤ አዲሱ ብዙ ጊዜ አይገኝም፣ ቢገኝም ውድ ነው። ስትገዙ በስልካችሁ መብራት ውስጡን እዩ። ከመታሰሩ በፊት ውኃ ሞልታችሁ ለአንድ ሰዓት አስቀምጡት፤ ከዚያ በደንብ አድርቁት።

የከሰል ጣሳውን እንዝለለው?

የከሰል ጣሳው ሲበላሽ ብዙ መካኒኮች «አያስፈልግም» ብለው ጎማውን ነቅለው ይተዉታል። ጎማው ክፍት ሲቀር የታንኩ ትነት በቀጥታ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ሽታውን ለመፍታት ሽታ ተጨመረ ማለት ነው። ጎማውን ከደፈኑት ደግሞ ታንኩ መተንፈሻ ያጣል። ክዳን ስትከፍቱ ኃይለኛ «ፍስስ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ይህ ሊሆን ይችላል። አዲሱ ውድ ስለሆነ ከሌላ መኪና የወጣ ያልራሰ ጣሳ መግዛት ጥሩ መካከለኛ ነው። ነቅንቁት፤ ከከበደና ፈሳሽ ከተንቦጫረቀ ተዉት።

ከጣሳው በፊት ግን ክዳኑን እዩ። በኮምፒውተር ስታስመረምሩ ፒ0457 ወይም ፒ0442 የሚል የብልሽት ኮድ ከመጣ መጀመሪያ ክዳኑ በደንብ መታሰሩን፣ ላስቲኩም አለመሰንጠቁን አረጋግጡ። ለሁሉም መኪና ይሆናል ከሚባለው ክዳን ይልቅ የራሷን ያገለገለ ክዳን እመርጣለሁ። ፒ0172 ከመጣ ደግሞ ቤንዚን በዝቷል ማለት ነው፤ ክዳን መቀየር ምንም አይፈይድም። ኮምፒውተሩ ርጥብ ጎማ አይቶ አይነግራችሁም። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን ብቻ መክፈል ካለብኝ ለኮምፒውተሩ ሳይሆን ወንበር አንስቶ፣ ከሥር ገብቶ ለሚያይ ሰው እከፍላለሁ።

ራሳችሁ የምትሠሩት ከሆነ

ክዳንና የካርቡራተር ጎማ እጁ የሠራ ሰው መቀየር ይችላል። ኢንጄክተር ያለውን ግን መጀመሪያ ግፊቱን ማውረድ ያስፈልጋል፦ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ጎማው ርጥብ ካልሆነ፣ የፖምፓውን ፊውዝ ነቅሎ ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ ማስነሳት። ከዚያ ባትሪውን መፍታት። ርጥብ ከሆነ አታስነሱ፤ ለመካኒክ ተዉት። ሲጋራ፣ ከሰል ምድጃ፣ የጎረቤት ብየዳ ከአጠገብ ይራቅ።

ጥገናው ካለቀ በኋላ ምንጣፉ ላይ የቀረው ሽታ ለቀናት ይቆያል። በር ከፍታችሁ ፀሐይ ላይ አቁሟት። ቤኪንግ ሶዳ ነስንሳችሁ አሳድሩና ጥረጉት። ሽቶ አትርጩ፤ ዕጣን ደግሞ በጭራሽ አታጭሱባት። ሽቶው ጥገናው መሥራቱን የምታውቁበትን ብቸኛ ምልክት ይሸፍንባችኋል።

እኔ አዲሱ ላስቲክ ከገባ በኋላ ታንኩን ሞላሁት፤ መቅጃው ሲቆም አቆምኩ። ሁለት ሌሊት ከሥሯ ካርቶን ዘረጋሁ። የራሴን አፍንጫ ስላላመንኩት በሦስተኛው ቀን ጠዋት ባለቤቴን ጠራኋትና የተዘጋውን የኋላ በር ከፍታ እንድትገባ አደረግሁ። «የልጅህ ብስኩት ነው የሚሸተው» አለችኝ። ያን ዕለት ልጃችንን ከኋላ አስቀምጬ ትምህርት ቤት ወሰድኳት።